ሦስት በሦስት

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ መምህራን፣ ተማሪዎች፤ በተለይ ደግሞ በግቢያችሁ ሰርቪስ ቤት ሠርታችሁ የምታከራዩ ወገኖች፣ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ወደ እናንተ ስለሚመጣ ከኋላ ከመቀመጥ ወደ ፊት ጠጋ ብትሉ ይሻላል። የተሰጠኝ ርእስ የጃፓን ጠባብ ቤትና ኑሮው ነው። ፍኖተ ሰላም ላይ ጃፓንን ምን አመጣው የሚል እንዳለ ከፊታችሁ እያነበብኩ ነው። ፍርዱን ለሜትር እንተወው።

ጃፓኖች ክፍል ሲከራዩ ስፋቱን የሚጠይቁት በታታሚ ቁጥር ነው። ታታሚ በጥንቱ አሠራር ውስጡ የሩዝ ገለባ የተጠቀጠቀበት፣ ላዩ በተሸመነ ሣር የተሸፈነ ወፍራም የወለል ምንጣፍ ነው። ወርዱ 90፣ ቁመቱ 180 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ከአካባቢ አካባቢ ጥቂት ይለያያል። ለአንድ ተማሪ ወይም ገና ሥራ ለያዘ ወጣት የተለመደው ክፍል ባለ ስድስት ታታሚ ነው። ስድስቱን ደምሩት፤ ወደ 10 ካሬ ሜትር ይጠጋል። አሁን ወደዚህ እንምጣ። ከጃቢ ጠህናን ገጠር መጥቶ ዳሞት ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ የሚከራየው ክፍል ስንት ነው? ሦስት በሦስት። ያውም ካልጠበበ። ዘጠኝ ካሬ ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ታታሚ አይሞላም። ብቻ ቶኪዮ ባለው ክፍል የሚያድረው አንድ ሰው ነው፤ እዚህ ሦስት ልጆች ከነስንቃቸው ናቸው።

እኔ በሁለቱም ዓይነት ክፍል ኖሬያለሁ። ልጅ ሆኜ እዚሁ ከተማ፣ ጋዜጣ በተለጠፈበት የጭቃ ግድግዳ ሥር፤ በኋላም ለትምህርት ሄጄ ቶኪዮ። ጃፓንን አይቶ የሚያወራ ኢትዮጵያዊ መቼም አዲስ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ወደዚያ ተልከው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፋቸውን አሳትመዋል። ከዚያ ወዲህ የጃፓን ነገር ሲነሳ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ እንዴት ሠለጠኑ? በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ሲቋቋምም ወሬው ስለ ፋብሪካ፣ ስለ ምርታማነት፣ አምስቱ ማዎች ስለሚባለው የሥራ ቦታ አደረጃጀት ነበር። ማታ የት እንደሚተኙ፣ ድስታቸውን የት እንደሚያስቀምጡ ግድ ያለው ሰው ብዙ አላጋጠመኝም። ለሄደ ሰው ግን መጀመሪያ የሚገጥመው እሱ ነው።

በሩን ከፍታችሁ ስትገቡ ሁለት ሰው አጣባ የምታስቆም፣ ከቀሪው ወለል ዝቅ ያለች ቦታ ታገኛላችሁ። ጌንካን ይሏታል። ጫማ እዚያው ይቀራል፣ አፍንጫው ወደ በሩ ዞሮ። ከዚያች እርከን ወዲህ ያለው ወለል መቀመጫም፣ መብያም፣ መኝታም ስለሆነ የመንገድ አፈር አይነካውም። ክፍሉ ባዶ ነው። አልጋ የለም፣ ወንበር የለም፤ እግሯ የሚታጠፍ ዝቅ ያለች ጠረጴዛ ብቻ መሐል ላይ ተቀምጣለች። በአንዱ ግድግዳ በኩል ተንሸራታች በር አለ። ስትከፍቱት ጥልቀቱ አንድ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ከወገቡ ላይ በጣውላ ለሁለት የተከፈለ ዕቃ ማስቀመጫ ነው፤ ስሙ ኦሺኢሬ። ፉቶን የሚባለው ፍራሽ ለሦስት ታጥፎ፣ ከነብርድ ልብሱና ከነትራሱ ቀኑን እዚያ ይውላል። ሲመሽ ጠረጴዛዋ እግሯን አጥፋ ጥግ ትይዛለች፣ ፍራሹ ይወርዳል፣ ሳሎን የነበረው መኝታ ቤት ይሆናል።

ይህን ያየ እንግዳ «ወይ ሥርዓት!» ይላል። ሥርዓቱን ያመጣው ግን ሻጋታ ነው። የቶኪዮ በጋ ሙቀቱም እርጥበቱም ያለ ልክ ነው፤ ፍራሹ ሳይነሳ ከሰነበተ የሰው ላብ ከሥሩ ተጠራቅሞ ታታሚውን ያሻግታል። ስለዚህ ሰው ወደደም ጠላም በየጠዋቱ ያነሳዋል። ፀሐይ በወጣ ቀን ደግሞ በየበረንዳው ሰቅሎ በመምቻ ይደበድበዋል፤ እሑድ ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ እህል የሚወቃ ነው የሚመስለው። ጠባብ ቤት ሰውን ሥርዓት ያስይዛል ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው፣ ማስቀመጫ ካለው። ያ ኦሺኢሬ ባይኖር ኖሮ ጃፓናዊውም ፍራሹን ጠቅልሎ ግድግዳ ያስደግፍ ነበር፤ ልብሱንም እንደኛ ልጆች ሚስማር ላይ፣ መጽሐፉንም ካርቶን ውስጥ አልጋ ሥር።

ደግሞስ ይህ ለጎጃም ሰው እንግዳ ነገር ነው? የአያቶቻችንን ቤት አስቡት። አንድ ክብ ቤት ነው። ማታ ጀንዲው ይነጠፋል፣ ጠዋት ይነሳል። መደቡ ቀን መቀመጫ፣ ሌሊት መኝታ ነው። ከላይ ቆጥ አለ፤ ዘሩና ዕለት ዕለት የማይፈለገው ዕቃ ሁሉ እዚያ ይወጣል፣ ጭሱ ከነቀዝ ይጠብቅለታል። ጎታው እህል ያስቀምጣል፣ በዚያውም ጓዳውን ከምድጃው ይለያል፤ አንድ ዕቃ ሁለት ሥራ። በወዲያ ጥግ ጥጃ ታስራለች። በዚያ ቤት ባልና ሚስት፣ አምስት ስድስት ልጅ፣ አንዳንዴም እንግዳ ያድርበታል። አያቴ ስለ ጭሱ ስታማርር ሰምቻለሁ፣ ስለ ቁንጫውም፣ ስለሚያፈሰው ጣራም። «ቤቱ ጠበበን» ስትል ግን አልሰማሁም።

ቤቱ የሚፈለገው ለማብሰል፣ ለመተኛትና ዝናብ ለመጠለል ነበራ። ቀሪው ኑሮ ያለው ደጅ ነው። እህሉ አውድማ ላይ ይወቃል፣ በርበሬው ደጅ ይሰጣል፣ ልብሱ ላህ ወንዝ ወርዶ ይታጠባል። ሽምግልናው ዋርካ ሥር፣ ሠርጉ ዳስ ውስጥ፣ ለቅሶውም እንደዚያው። ልጅ ከበግና ከጥጃ ኋላ ሲሮጥ ይውላል፤ ቤት የሚገባው ሲርበውና ሲመሽበት ነው።

ከዚህም የጠበበውን ታውቁታላችሁ፤ የቆሎ ተማሪ ጎጆ። ዋሸራም ሂዱ፣ ጎንጅም፣ ደብረ ኤልያስም፣ ዲማም፣ ጎንበስ ብለው የሚገቡባት፣ እግር ሲዘረጋ ግድግዳ የምትነካ ጎጆ ናት። ጃፓኖችም የዚህ ዓይነት ሰው አላቸው። ካሞ ኖ ቾሜይ የተባለ መናኝ እ.ኤ.አ. በ1212 ስለ ራሱ ጎጆ የጻፈውን ትንሽ መጽሐፍ እስከ ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ያነቡታል። ጎጆው ተፈታቶ በጋሪ ተጭኖ ሌላ ቦታ ሊተከል የሚችል ነበር። ስፋቱ በየጎኑ ወደ ሦስት ሜትር። ሦስት በሦስት! ያን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ስምንት መቶ ዓመት ያለፈው የመናኝ ጎጆና የኔ የተማሪነት ክፍል በልክ አንድ ናቸው። ወደ ቅኔ ተማሪው ስመለስ፣ ጎጆው ውስጥ የሚያድረው አካሉ ብቻ ነው። ትምህርቱ ውጭ ነው፤ ዛፍ ሥር፣ መምህሩ ደጅ፣ ቅጽሩ ጥግ። ቅኔ ሲቆጥር የሚውለው ዱር ገብቶ ነው። ለዚህ ሰው ጎጆው ጠበበ ብትሉት ምን ጎደለኝ ብሎ ይጠይቃችኋል።

የጃፓኑም ክፍል እንደዚሁ ነው፤ የሚያኖረው ኦሺኢሬው ብቻ አይደለም። በድሮዎቹ የእንጨት አፓርታማዎች ብዙው ክፍል መታጠቢያ አልነበረውም። ሰዉ ማታ ማታ ሳሙናውንና ፎጣውን በሳህን ይዞ ሴንቶ ወደሚባለው የሰፈር መታጠቢያ ቤት ይሄድ ነበር፤ ከጎረቤቱ ጋር የሚተዋወቀው እዚያ ሙቅ ውኃ ውስጥ ነበር። ልብሱን በሳንቲም የሚሠራ ማሽን ያጥብለታል። ብቻውን የመጣ ሰው አሥር ወንበር ባላት ምግብ ቤት ባንኮኒው ላይ ሾርባውን ጠጥቶ ይወጣል፤ ብቻህን ነህ ወይ ብሎ የሚያሳፍረው የለም። ቤተ መጻሕፍቱ ቅርብ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ የማይዘጋ ሱቅ ጥግ ላይ አለ። እኔ ስኖር ክፍሌ ስድስት ታታሚ ነበረች፣ ቤቴ ግን ሰፈሩ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት የመከረኝ ሰው አንዲት አንዲት ትንሽ ፎጣ በወረቀት ጠቅልዬ በግራ፣ በቀኝና ከሥሬ ላሉት ጎረቤቶች እንድሰጥ ነገረኝ። ልማዳቸው ነው። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ነገ ማሳል፣ ዕቃ መጣል፣ ሌሊት መግባት ይመጣል፤ ፎጣዋ ለዚያ ሁሉ አስቀድማ ይቅርታ ትጠይቃለች።

ይህ ሁሉ ከሰማይ አልወረደም፣ ታስቦበት የመጣም አለበት። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ጃፓን 4.2 ሚሊዮን ቤት ጎድሏት ነበር። ያኔ የተሠራው ቤት ጠባብ ከመሆን በቀር ምርጫ አልነበረውም። ኒሺያማ ኡዞ የሚባል የሕንፃ ምሁር ገና ከዚያ በፊት በየተራው ሕዝብ ቤት እየዞረ ሰው የት እንደሚበላና የት እንደሚተኛ ሲመዘግብ ቆይቷል። ሊቃውንቱ «ጃፓናዊ እንደሆነ አንድ ክፍል ይበቃዋል፤ በልቶ ያነሳል፣ አንጥፎ ይተኛል» ይሉ ነበር። እሱ ያገኘው ሌላ ነው። ሰው ቤቱ የፈለገውን ያህል ቢጠብ፣ መብያውን ከመኝታው ለመለየት ሲል ሌላውን ጥበት ይችለዋል። ይህንኑ መሠረት አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1951 35 ካሬ ሜትር ያህል የሆነ የመንግሥት ቤት ፕላን ወጣ፤ ወጥ ቤቱ ሰፋ ተደርጎ መብያም እንዲሆን። እ.ኤ.አ. በ1955 የተቋቋመው የጃፓን ቤቶች ኮርፖሬሽንም በዚያው መንገድ እልፍ አእላፍ ቤት ሠራ። ከዚህ ሁሉ የምወድደው ቅደም ተከተሉን ነው። አስቀድሞ ሰው ቤት ገብቶ ማየት፣ ፕላኑ ከዚያ በኋላ።

እኛስ? አዲስ አበባ ላይ በከንቲባ አርከበ ዕቁባይ ዘመን፣ በጀርመኑ ጂቲዜድ እርዳታ ገርጂ ላይ በሙከራ የተጀመረውን ኮንዶሚኒየም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ዘመድ የሌለበት የለም። በ1997 ዓ.ም. ብቻ ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። እጣው ሲወጣ 30 በመቶው ለሴቶች ተለይቶ ነበር፣ ይህ የሚመሰገን ነው። በፕሮግራሙ መነሻ ልክ ስቱዲዮው እስከ 20 ካሬ፣ ባለ አንድ መኝታው እስከ 30፣ ባለ ሁለቱ እስከ 45 ነው። በጃፓኑ ሚዛን የሚያሳፍር አይደለም። ንድፍ አውጪዎቹም አልተኙም፤ እንጀራ እንደምንጋግር፣ በግ እንደምናርድ፣ ልብስ በገፍ እንደምናጥብ ያውቁ ነበርና ከብሎኮቹ መካከል ለዚህ የሚሆን የጋራ ቤት አስገቡ። ማለትም ደጅ ሠሩ። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995ም የጋራ የሆነውን የሚያስተዳድር የባለቤቶች ማኅበር እንዲኖር አድርጓል።

እናቴ ከገጠር ልትጠይቀኝ አዲስ አበባ የመጣችው እኔ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስቱዲዮ ውስጥ ሳለሁ ነው። ባዶ እጇን አትመጣም፤ አንድ ማዳበሪያ ዛላ በርበሬ አሸክማ ነው የወጣችው። በማግስቱ ጠዋት ቀንጥሳ፣ አጥባ፣ የምታሰጣበት ፈለገች። በረንዳው ላይ ዘረጋችው፤ ግማሹ እንኳን አልበቃውም። ቀሪውን አልጋዬ ላይ፣ በአንሶላ። ሲደርቅ ደግሞ ማመስ መጣ። ሦስት ደቂቃ አልሞላም፣ ኮሪደሩ በሙሉ አስነጠሰ። አንዲት ጎረቤት አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ በር አንኳኳች።

«እማማ፣ ምነው፣ ምን እያቃጠላችሁ ነው?»

«በርበሬ ነዋ፣ ልጄ። ግቢ፣ ግቢ። ለመሆኑ እናንተ የምታምሱት የት ነው?»

«እኛማ ፓኬት ነው የምንገዛ።»

እናቴ ዝም አለች። ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ «ደጁ የት ነው?» አለችኝ። ይዣት ወረድኩ። የጋራ ቤቱ ተከራይቶ ፑል ቤት ሆኗል፤ ልጆች እንጨት ይዘው ቆመዋል። የኪራዩ ገንዘብ ለጥበቃ ደመወዝ እንደሚውል ሰምቻለሁ፣ ነውርም የለበትም። ዋጋው ግን የሰፈሩ ደጅ ነበር። እናቴ ምኑም ሳይጨንቃት በሁለት ብሎክ መካከል፣ መኪና ከሚቆምበት አጠገብ ሸራዋን ዘረጋች። ጥበቃው መጥቶ ኮሚቴው እንደከለከለ በትህትና ነገራት። «ኮሚቴው ወጥ አይበላም?» አለችው። እሱም የደጋ ዳሞት ሰው ኖሯል፤ ሳቀና ዱላውን ተደግፎ ወፍ ይጠብቅላት ጀመር። ከቀትር በኋላ አራት ሴቶች ከየፎቁ ወርደው እየቀነጠሱ ያወራሉ። ሁለቱ በኔው ኮሪደር የሚኖሩ ናቸው፤ ስማቸውን የነገረችኝ እናቴ ነች።

ኮንዶሚኒየም ኑሮ ከበደን የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ስለ ካሬው አልጠይቀውም። ውኃ ስንት ፎቅ ድረስ ይወጣል፣ ቡና ስትወቅጡ ከሥር ያለው ሰው ምን ይላል፣ ለቅሶ ሲሆን ድንኳኑ የት ይተከላል እያልኩ ነው የምጠይቀው። እንጀራውን ፎቅ ላይ በኤሌክትሪክ ምጣድ መጋገር ይቻላል፤ ልጅ ግን ኮሪደር ላይ አያድግም።

እንግዲህ ወደ ፍኖተ ሰላም። አዲስ አበባ ሩቅ ናት፤ ሦስት በሦስቱ ግን እዚሁ በየግቢያችን ነው። ሦስት ልጆች፣ አንድ ስፖንጅ ፍራሽ፣ ሁለት ጀሪካን፣ ከሰል ምድጃ፣ እሑድ የመጣ የእንጀራ አገልግል፣ የበሶ ከረጢት፣ ደብተር። ምግብ የሚያበስሉት እዚያው በራቸውን ከፍተው ነው፤ ክረምት ሲገባ በሩ ይዘጋል፤ ከሰሉ ግን አይወጣም። የከሰል ጭስ ዘግቶ የተኛን ሰው እንደሚገድል ለእናንተ አልነግራችሁም፣ የቀበራችሁ ታውቃላችሁ። ሽንት ቤቱ ለአሥሩም ክፍል አንድ ነው። መብራት በአከራይ ፈቃድ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ይጠፋል። እንግዳ ክልክል፣ ደጃፍ ላይ መቀመጥ ክልክል፣ ልብስ ማስጣት በተራ። የገጠሩ ልጅ የመጣው ከዚህ ብዙም ከማይሰፋ ቤት ነው። የጨነቀው ጥበቱ አይደለም፤ ወጥቶ የሚቀመጥበት ማጣቱ ነው። ያልተነሳ ፍራሽ ላይ በሆዱ ተኝቶ የሚያጠና ልጅ፣ ትምህርቱ ሳይሆን አንገቱ ቀድሞ ይደክመዋል።

ይህ የጠባብ ክፍል ነገር ጎረቤታችን ቡሬም ይመጣል፤ መጥቷልም። በ2013 ዓ.ም. የፊቤላ ዘይት ፋብሪካ ሲመረቅና የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርኩ ሲከፈት፣ ከተማው ውስጥ ክፍል የሚፈልግ ሰው ዓይነቱ ተለወጠ። በፈረቃ የሚሠራ ሰው ሌሊት ሠርቶ ቀን ይተኛል። ከጎኑ ያለችው ደግሞ ቀን ቡና ትወቅጣለች። ሁለቱም ልክ ናቸው። ክፍል ሲሠራ ያንን ያሰበ ግን የለም፤ ግድግዳው የጋራ ነው፣ በሮቹም ፊት ለፊት ይተያያሉ።

አከራዮች፣ ክፍሉን አስፉ አልልም፤ ሲሚንቶ ስንት እንደገባ አውቃለሁ። የምለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ከጭንቅላታችን በላይ የነበረ ነው፤ ቆጥ። አዲስ አበባ በየቀበሌ ቤቱ ድሃው ቆጥ ሠርቶ ልጆቹን ከላይ ያስተኛል፣ ማንም ጃፓን አላስተማረውም። ከበሩ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ፣ በደረት ከፍታ፣ ከጥግ እስከ ጥግ ጣውላ ይዘርጋ፤ ጥልቀቱ 80 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ፍራሽ ታጥፎ ይወጣበታል፣ ከሥሩ ስንቁና ጀሪካኑ ይገባል፣ መጋረጃ ከፊቱ። ወለሉ ቀኑን ለጥናት ይለቀቃል። ሁለተኛው ይከብዳል፣ ምክንያቱም ኪራይ ያስቀራል። አሥር ክፍል ልትሠሩ ካሰባችሁ ዘጠኝ ሥሩ፤ የአሥረኛውን ቦታ ጣራ ብቻ አልብሱት። አንድ ወገን ምድጃ፣ አንድ ወገን ረጅም አግዳሚና አምፖል። ከሰሉ ከመኝታ ክፍል ይወጣል፣ ልጁም ማታ ተቀምጦ የሚያነብበት ያገኛል።

አውቃለሁ፣ አንዳንዱ አሁን በልቡ የአንድ ክፍል ኪራይ በአሥራ ሁለት ወር እያባዛ ነው። ልክ ነው፣ ያባዛ። ግን ሲያባዛ ክረምቱን ይቀንስ፤ ተማሪው ሐምሌና ነሐሴ አገሩ ገብቶ ክፍሉ ባዶውን እንደሚከርም ከኔ ይልቅ እሱ ያውቃል። መስከረም ላይ ልጁ ወደዚያው ግቢ ይመለሳል ወይስ ሌላ ይፈልጋል የሚለውንም ይጨምርበት። ሂሳቡ እንደምታስቡት አንድ ወገን ብቻ የሚያጋድል አይመስለኝም፤ ከተጠራጠራችሁ በአንድ ግቢ ሞክሩት።

የጣውላውን ልክ በወረቀት ጽፌ አምጥቻለሁ፣ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው። አናጺ ያለው ይውሰድ። አሁን ጥያቄ እንቀበል፤ «አሥር ክፍል» ስል ቀድመው ያጉረመረሙት ጋሼ ይጀምሩ።